መሸኛ የሌለው ልጅ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤

በአገራችን ጦርነት በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣ አንድ አነጋገር አለ። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲነዳ፣ እናት አንዱን ልጅ አዝላ ሌላውን በእጇ ይዛ ከቀዬዋ ስትወጣ፣ አዛውንቱም ሹሙም ጎረቤቱም ተባብረው «ነፍስ ትትረፍ እንጂ ትምህርቱስ ይደርሳል» ይላሉ። ንግግሩ የርኅራኄ ንግግር ይመስላል። የሚናገሩትም ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። እኔ ግን በማስተማር ሥራ ላይ ፀጉሬ የሸበተ ሰው እንደ መሆኔ መጠን፣ ደግ መስሎ ይህን ያህል ብዙ ሕፃናትን የጎዳ ቃል አላውቅም ብዬ በግልጥ ለመናገር እደፍራለሁ። የዘር ወራት ካለፈ በኋላ የተዘራ በቆሎ አገዳ እንጂ እሸት አይሰጥም። የልጅም አእምሮ የራሱ የሆነ የዘር ወራት አለው። ያ ወራት ካለፈ ትምህርት «ይደርሳል» ማለት ራስን ማታለል ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳህ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነው። ይኸውም ልጅን ከጥይት ማዳን የማዳን ግማሹ እንጂ ሙሉው አለመሆኑን ነው። የቀረው ግማሽ የሚፈጸመው ልጁ ሸሽቶ በደረሰበት ከተማ፣ በትምህርት ቤት በር ላይ ነው። በዚያ በር ላይ የሚቆመው ደግሞ ወታደር አይደለም፤ መዝገብና እስክሪብቶ የያዘ ሰው ነው። እሱም ልጁን ስሙን እንኳ ሳይጠይቀው አስቀድሞ «መሸኛህ የታለ?» ይለዋል።

መሸኛ ምን እንደ ሆነ ታውቃለህ። ተማሪ ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር፣ የለቀቀው ትምህርት ቤት ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሰና ምን ውጤት እንዳገኘ ጽፎ፣ ማኅተም አትሞ የሚሰጠው ወረቀት ነው። በሰላም ጊዜ መልካም ሥርዓት ነው፤ አላማውም። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ከነመዝገብ ቤቱ የተቃጠለበትን ልጅ፣ ርእሰ መምህሩ የት እንደ ገባ የማይታወቅበትን ልጅ፣ በሌሊት በባዶ እግሩ የወጣውን ልጅ መሸኛ አምጣ ማለት ምን ማለት ነው? ከእሳት የወጣን ሰው ስለ ምን ከቤትህ ቁልፍ ይዘህ አልመጣህም ብሎ እንደ መውቀስ አይደለምን?

ይህን ስጽፍ በሌላ ሰው ላይ ጣቴን የምቀስር እንዳይመስልህ ከራሴ እጀምራለሁ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት በወደቀ ጊዜ፣ በኤርትራ ይኖሩ የነበሩ እጅግ ብዙ የወታደር ቤተሰቦች ያላቸውን ጥለው ወጡ። ከፊሉ በሱዳን በኩል ዞሮ፣ ከፊሉ በእግሩ ተጉዞ፣ ወደየትውልድ አገሩ ተበተነ። እኔ በዚያን ጊዜ በኢሉባቦር ከተሞች በአንዱ አስተማሪ ነበርሁ። በመመዝገቢያ ሰሞንም መዝገብ የምይዘው እኔ ነበርሁ። በመስከረም 1984 ዓ.ም. አንዲት ሴት አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነውን ልጇን ይዛ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ከፌስታል ውስጥ አንድ የሒሳብ ደብተር አወጣችና ዘርግታ አስቀመጠችልኝ። የመጨረሻው ገጽ በቀይ እስክሪብቶ የታረመ የክፍልፋይ ሒሳብ ነበረ፤ ከአሥሩ ዘጠኙን አግኝቷል።

«ጋሼ፣ አምስተኛን ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አስተማሪው ያረመለት ይኸው» አለችኝ።

«ደብተር ማስረጃ አይሆንም፤ መሸኛ ያምጡ» አልኋት።

«ከየት ላምጣው? ትምህርት ቤቱ ያለው አስመራ ነው። እንኳን ወረቀት፣ የባለቤቴን ወሬ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም» አለች።

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» ብዬ ተራ የሚጠብቀውን ጠራሁ። ልጁ ደብተሩን ከጠረጴዛዬ ላይ አነሣ፤ የታጠፈውን ጫፍ በመዳፉ አቃናና በፌስታሉ ጠቀለለው። እናቱን ተከትሎ ወጣ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለጉዳይ መቱ ሄጄ በመናኸሪያው አጠገብ ጫማዬን ለማስጠረግ ተቀመጥሁ። ጫማ ጠራጊው ያ ልጅ ነበረ። እኔ አወቅሁት፤ እሱም አውቆኛል። ሁለቱንም እግር ጨርሶ ብሩሹን ወደ ሣጥኑ ከመለሰ በኋላ «ጋሼ፣ መሸኛው እስካሁን አልመጣም» አለኝ። ሊወቅሰኝ ብሎ አልነበረም። ቦታውን ይዤ እስከዚያ ቀን ድረስ የምጠብቀው መስሎት ኖሯል።

በሚቀጥለው ሳምንት ለርእሰ መምህሩ ነግሬ አስፈቅጄ ተመልሼ ሄድሁ። ልጁ በዚያ ቦታ አልነበረም። እናቱ ዘመድ አለኝ ብላ ወደ ሌላ አገር ይዛው እንደ ሄደች ጓደኞቹ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም። ያ ልጅ ከጦርነት ድኗል። ጥይት አልነካውም፤ ረኃብም አልገደለውም። ትምህርቱን የቆረጠበት ግን የጦር መሣሪያ ሳይሆን የእኔ እስክሪብቶ ነው።

ይህ በደል የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ ዝም ባልሁ ነበር። ነገር ግን ይኸው ጥያቄ ዛሬም በየመመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ሲጠየቅ እሰማለሁ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት እስኪቆም ድረስ፣ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ስንት ትምህርት ቤት እንደ ፈረሰ ሁላችን እናውቃለን። የትግራይ ልጆች አስቀድሞ በወረርሽኙ፣ ኋላም በጦርነቱ ምክንያት ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ገበታ ተለይተው ቆይተዋል። በምዕራብ ኦሮሚያም ባለፉት ዓመታት በተነሣው ግጭት ብዙ ሺህ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ከድንበሩ ማዶ ደግሞ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ወደ ጋምቤላ ከተሻገሩት ስደተኞች ከግማሽ የሚበልጡት ሕፃናት ናቸው። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል መሸኛ ይዞ የወጣ ልጅ ስንት ይገኛል?

የስደተኛ ተማሪ ነገር ለኢሉባቦር አዲስ አይደለም። ከመቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በኮረብታ ላይ የተቀመጠችውን ጎሬን አይተሃት ይሆናል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጠላት ወደ አዲስ አበባ በተቃረበ ጊዜ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደዚህች ከተማ እንዲዛወር ተወሰነ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ፣ በኋላም ልዑል ራስ እምሩ በዚህ ተቀመጡ። ወደ ምዕራብ ካፈገፈጉት መካከል የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይገኙበታል። ያ ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት የተከፈተ ነበረና ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ገና አልፈጸሙም ነበር። ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተመርጠው የገቡ፣ አገሪቱ በብዙ ድካም ያፈራቻቸው ጥቂት ፊደል የቆጠሩ ልጆች ነበሩ።

እነዚህ ወጣቶች በነቀምት በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት የጥቁር አንበሳን ማኅበር ካቋቋሙት ጋር ተባበሩ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በቦናያ ባረፉት የጠላት አውሮፕላኖች ላይ የጣሉት አደጋ እስካሁን በኩራት ይነገራል። ከዚያም ወደ ጎሬ ወርደው ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከብበው እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ወዲህ፣ ግራዚያኒ የተማሩትን ኢትዮጵያውያን እያስለቀመ ባስፈጀ ጊዜ ከነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ አለቁ።

ጀግንነታቸውን አልነካም፤ ማንም ሊነካው አይችልም። ነገር ግን ጀግንነታቸውን ስናወድስ አንድ ነገር እንዘነጋለን። አገሪቱ መዝሙሩን፣ ማኅተሙንና ሹማምንቱን ወደ ጎሬ ለማሻገር ስታስብ፣ ትምህርት ቤቱን ለማሻገር ጊዜም አቅምም አላገኘችም። ተማሪው ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ምሽግ ገባ፤ ወንበሩም ባዶ ቀረ። ጠላትም የዚህ ነገር ትርጕም ከእኛ ይልቅ ገብቶት ነበርና ትምህርት ቤቶቻችንን ዘጋ፤ የቀሩትንም ለራሱ ጥቅም አዋለ፤ የተማረውንም እየለየ ገደለ።

የዚህን ዋጋ በጣታችን ቆጥረን ልንደርስበት እንችላለን። በ1928 ዓ.ም. አሥር ዓመት የሆነውን አንድ ልጅ አስብ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ፊደሉንም ረስቷል። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲከፈት አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የሚገባው ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ነው። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሲከፈት ሃያ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ወይ አራሽ ነው፣ ወይ ዘበኛ ነው። አገሪቱ ግን በነዚያው ዓመታት ጸሐፊና ዳኛ፣ ሐኪምና መሐንዲስ አጥታ ከውጭ አገር በደመወዝ ታስመጣ ነበር። «ትምህርቱስ ይደርሳል» የተባለለት ልጅ ዕዳውን ብቻውን አልከፈለም፤ አገር አብራው ከፈለች።

በአንጻሩ ሌላ አገር ምን እንዳደረገ እንመልከት። እንግሊዞች በነሐሴ መጨረሻ 1931 ዓ.ም. ከጀርመን ጋር ጦርነት ሊገቡ በተቃረቡ ጊዜ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚያህል ሰው ከትልልቅ ከተሞች ወደ ገጠር አወጡ። ከነዚህ ውስጥ ከ800,000 የማያንሱት ወላጆቻቸው ያልተከተሏቸው ተማሪዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት በልብሱ ላይ ታስሮለት፣ የመርዝ ጭስ መከላከያውን በካርቶን ሣጥን አንግቶ በባቡር ተሳፈረ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ይህ አይደለም። 100,000 ያህል መምህራንና ረዳቶች ከልጆቹ ጋር አብረው መጓዛቸው ነው። ትምህርት ቤቱ እንደ ንብ መንጋ ከነአለቃው ተነሥቶ ሄደ። በደረሱበት ገጠር አንድ ሕንፃ ሁለት ትምህርት ቤት ሆነ፤ የአገሩ ልጆች ጧት፣ የመጡት ልጆች ከሰዓት በኋላ ይማሩ ነበር።

ሥራቸው ነቀፋ የለበትም ለማለት አይደለም። በብዙ መንደር ልጆቹን በአዳራሽ አሰልፈው ባለቤቶቹ እየዞሩ እንደ ገበያ በግ መርጠዋቸዋል። ንጹሕ የለበሰው ቶሎ ተወሰደ፤ የገረጣውና ቡትቶ የለበሰው እስከ ማታ ቆመ። ወንድምና እኅትም ተለያይቷል። በከተሞቹ ውስጥ ለቀሩትና ናፍቆት አላስችል ብሏቸው ለተመለሱት ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ ተዘግተው ስለ ነበረ፣ በየመንገዱ ሲንከራተቱ ከርመዋል። እንዲያም ሆኖ አንድ ነገር አስቀድመው ተረድተዋል፤ ልጅ ሲሸሽ መምህሩና መዝገቡ አብረውት መሸሽ እንዳለባቸው። እኛ ዘንድ ግን ልጁ በአንድ መንገድ፣ መምህሩ በሌላ መንገድ ይሰደዳል። መዝገቡ ይቃጠላል። ከዚያም በኋላ ለተቃጠለው መዝገብ ኃላፊ የምናደርገው ልጁን ነው።

የሩቁን ትተን ወደ ቅርባችን እንመለስ። ከመቱ ተነሥተህ በጎሬ በኩል ቁልቁል ስትወርድ ደጋው አልቆ ሙቀቱ ይቀበልሃል፤ ለረጅም ዘመን የኢሉባቦር ክፍል ወደ ነበረው ወደ ጋምቤላ ምድር ትደርሳለህ። ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች ልጆች፣ አብዛኞቹ ያለ አባትና ያለ እናት፣ ለሳምንታት በእግራቸው ተጉዘው ወደዚህ ምድር ገቡ። በጊሎ ወንዝ አጠገብ በፑኙዶ ሰፈሩ። እዚያም በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው በአፈር ላይ በጣታቸው እየጻፉ ፊደል ቆጠሩ። ማንም መሸኛ አልጠየቃቸውም፤ ቢጠይቃቸውም ከየት ያመጡት ነበር?

ነገር ግን በዚያው ሰፈር ሌላ ጥሪም ነበረ። የአገራቸው አማፂ ጦር ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹን ለወታደርነት ይመለምል ነበር። ይህን ልብ ብለህ ያዘው። የስደተኛ ልጅ እጅ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም። ደብተር ያልሰጠኸውን ሌላው ጠመንጃ ይሰጠዋል፤ ወይም የጫማ ብሩሽ፤ ወይም የሌባ መክፈቻ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ እነዚያ ልጆች እንደ ገና ሸሹ። በክረምት መግቢያ የሞላውን ጊሎን ሲሻገሩ ብዙዎቹ በጥይትና በውሃ አለቁ። የተረፉት በሱዳን ምድር ተንከራተው በ1984 ዓ.ም. ኬንያ፣ ካኩማ ደረሱ። እዚያም ደግሞ ከዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ ካቆሙበትም ቀጠሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከ3,000 የሚበልጡት ወደ አሜሪካ በተወሰዱ ጊዜ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ኮሌጅ ገብተው ለመማር በቅተዋል። ከአፈር ላይ የተጀመረው ፊደል ሦስት አገር ተሻገረ። መሸኛቸው ያ ፊደል ነበረ።

እንግዲህ የተቃዋሚዎቼን ቃል ልስማ፤ የሰውን ክርክር ሳይሰሙ መፍረድ ነውር ነውና።

አንዱ «መሸኛ ካልተጠየቀ አራተኛ ክፍል የወደቀው ሁሉ ስድስተኛ ነኝ እያለ ይገባል፤ ሥርዓት ይፈርሳል» ይላል። ወንድሜ ሆይ፣ አንተ መምህር አይደለህምን? ወረቀት ሳታይ የልጅን ዕውቀት መመዘን ካቃተህ የተማርኸው ምን ነበር? ልጁን አስቀምጠህ አንድ ገጽ አስነብበው፤ አሥር ሒሳብ ስጠው፤ አንድ አንቀጽ አስጽፈው። አንድ ጧት ይበቃሃል። እኔ ያን ደብተር አንድ ጊዜ ገልጬ ባየው ኖሮ ያ ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደሚገባ ይነግረኝ ነበር። ወረቀቱን የምንወደው እውነትን ስለሚናገር አይደለም፤ ከመመርመር ድካም ስለሚያሳርፈን ነው።

ሌላው «ክፍሉ ሞልቷል፤ አንድ ወንበር ላይ አራት ተቀምጠዋል» ይላል። ይህ እውነት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን ፈረቃ የሚባለውን ነገር አገራችን ከማንም አልተማረችውም፤ ስንቶቻችን ጧትና ከሰዓት እየተፈራረቅን ተምረናል። ደግሞም አራት ለተቀመጡበት ወንበር አምስተኛው ይከብዳል እንጂ አይሰብረውም። መንገድ ላይ የቀረ ልጅ ግን ነገ ከተማውን በሙሉ ይከብደዋል።

ሦስተኛው «ነገ ይሄዳል፤ ለአንድ ወር ስለ ምን እደክማለሁ?» ይላል። እንግዳ ነገ ይሄዳል ተብሎ ዛሬ እራት አይከለከልም። ለአንድ ወርም ቢሆን አስተምረው። ሲሄድም አንተ መሸኛ ጻፍለት፤ እንዲህ ያለ ልጅ ከእኔ ዘንድ ተምሯል፣ ይህን ይህን ያውቃል በል። በሚደርስበት ከተማ እኔን የመሰለ ሰው ይጠብቀው ይሆናልና።

አራተኛው ክርክር ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ብዙ ጊዜም በሹክሹክታ ይነገራል። «የእኛ ልጅ አይደለም፤ ቋንቋውም ሌላ ነው፤ ወገኑም ሌላ ነው» የሚል ነው። ለዚህ የምመልሰው አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በቱርክ ምድር በአርመኖች ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች በኢየሩሳሌም ተጠግተው ነበር። ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ ሳሉ ወደዚያች ከተማ በሄዱ ጊዜ አገኟቸውና በ1916 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነርሱ ናቸው። ቋንቋችንን አያውቁም ነበር፤ ወገናቸውም ሌላ ነበረ። እነርሱ ግን የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም በዘውዱ ዘመን ሁሉ ኢትዮጵያ የቆመችለትን የመዝሙር ዜማ ደረሰ። አገር መዝሙሯን ከስደተኛ ተቀበለች። እኛ ደግሞ ከገዛ አገራችን ጫፍ ለመጣ ልጅ ወንበር እንነሣለን!

በሃይማኖት ለማስረዳትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በእምነት ቤት ያደግን ሁላችን የምናውቀው ነው። ሙሴ ከፈርዖን ሰይፍ የተረፈው እናቱ በቅርጫት አድርጋ በወንዝ ዳር ስላስቀመጠችው ነው። ሕዝቡን ለመምራት የበቃው ግን ከውሃ ያወጣችው ቤት የግብፅን ጥበብ ሁሉ ስላስተማረችው ጭምር ነው። ጌታችንም በሕፃንነቱ ከሄሮድስ ሸሽቶ በግብፅ ምድር ተጠግቷል። በጽጌ ወራት ስደቱን እያሰብን የምንጾምና የምንዘምር ሰዎች፣ በመስከረም መመዝገቢያ ላይ የእሱን ታናናሾች በወረቀት ምክንያት ስናባርር ጸሎታችን ምን ዋጋ አለው?

እኔ ደግሞ «ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ይህ ማምለጫ ተዘግቷል። በ1941 ዓ.ም. በጄኔቫ የተፈረመው አራተኛው ስምምነት በሃያ አራተኛው አንቀጹ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሆኑና በጦርነት ምክንያት ወላጆቻቸውን ያጡ ወይም የተለዩ ልጆች ትምህርታቸው በማናቸውም ሁኔታ እንዲቀጥል ተዋጊዎቹን ወገኖች ያዝዛል። የአፍሪካ አገሮች በ2002 ዓ.ም. በካምፓላ የተስማሙበትን ስለ ተፈናቃዮች የሚናገረውን ስምምነት ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. አጽድቃለች። ያ ስምምነት መንግሥታት በስደት የጠፋውን ሰነድ እንዲተኩ ያዝዛል፤ ለዚህም ተፈናቃዩን ወደ ሸሸበት ቦታ ተመለስ ብሎ ማስገደድን የመሰለ አግባብ የሌለው ግዴታ እንዳይጣልበት ይከለክላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅም ከውጭ አገር ለሸሸ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያዊው ልጅ ጋር እኩል መብት ሰጥቶታል። እንግዲህ ሕጉ ከልጁ ጋር ነው። ከልጁ ጋር ያልሆነው ጠረጴዛው ብቻ ነው።

ወጣት ወንድሜና እኅቴ ሆይ፤ ይህን ለአንተና ለአንቺ የጻፍሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የእኔ ትውልድ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ተነሥቷል። ነገ የምትቀመጡበት እናንተ ናችሁ። አንዳችሁ ርእሰ መምህር፣ አንዳችሁ መዝገብ ያዥ፣ አንዳችሁ የወረዳ ኃላፊ ትሆናላችሁ። በዚያን ቀን መሸኛ የሌለው ልጅ ሲመጣ አስቀድማችሁ አስቀምጡት፤ ስሙን ጻፉ፤ ዕውቀቱን መርምሩ፤ ለጊዜው መዝግቡት። ወረቀት ከተገኘ በኋላ ይመጣል፤ ባይመጣም ዓመቱን ሙሉ ሲማር ያያችሁት ልጅ ከወረቀት የበለጠ ማስረጃ ነው። ከዚያም በላይ ለማድረግ የምትችሉ ከሆነ፣ መዝገባችሁን በአንድ ሣጥን ብቻ አታስቀምጡ፤ ግልባጩ በሌላ ከተማ ይኑር። ሣጥን ይቃጠላልና።

እስከዚያው ድረስ ግን ተማሪ ሆናችሁም የምትሠሩት ሥራ አለ። በክፍላችሁ አዲስ ልጅ ሲገባ፣ አነጋገሩ ለጆሯችሁ እንግዳ ቢሆን፣ ዕድሜው ከእናንተ ቢበልጥ፣ ጫማ ባይኖረው፣ አትሳቁበት። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል፤ እናንተ ምሳር አትሁኑ። ያለፈውን ትምህርት ከደብተራችሁ አስገልብጡት። ስለ መንገዱና ስላየው ነገር ግን እሱ ራሱ ካልጀመረ አትጠይቁት። በወንበራችሁም ላይ ጠጋ በሉለት።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ ግን ያን ልጅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳስበው ኖሬአለሁ። ዛሬ ሰው ሆኖ፣ ምናልባት የልጆች አባት ሆኖ፣ በአንድ ከተማ ይኖር ይሆናል። ልጁንም ሊያስመዘግብ ከአንዱ ጠረጴዛ ፊት ይቆም ይሆናል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚያገኘው ሰው እኔን የመሰለ እንዳይሆን የማድረጉ ሥራ የእናንተ ነው።